ገበሬውን ከቅርሱ አታርቁት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ በቅርቡ የወጣ አንድ ደብዳቤ ከንክኖኝ ነው። ጸሐፊው ባጭሩ የሚሉት፣ በጥንታዊ ቦታዎች አጠገብ የሚያርሱ ገበሬዎች ቅርስ እያጠፉ ስለሆነ ካሳ ተከፍሏቸው ይነሱ፣ ቦታውም ይታጠር ነው። ተቆርቁረው እንደጻፉ ያስታውቃል። እኔ ግን አልስማማም። እንዲያውም ገበሬው የተነሳ ዕለት ነው ቅርሱ ያለቀለት ባይ ነኝ።

ማን ነህ ለምትሉኝ፣ ጅማ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። ማና ወረዳ ከአባቴ የወረስኳት ትንሽ የቡና ማሳም አለችኝ። ስለ ቅርስ ምርመራ አልተማርኩም። መሬት ሲቆፈር ምን እንደሚወጣና የወጣው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ግን ሳይ ነው የኖርኩት።

ነገሩን ከሩቅ ልጀምረው፣ በጣም ከሩቅ። የእህቴ ልጅ ስኮትላንድ ነው የሚሠራው። ባለፈው ክረምት፣ እነሱ ጋ በጋ ነው፣ ኦርክኒ ወደሚባሉ ደሴቶች ሄዶ ፎቶና የድምፅ መልእክት በቴሌግራም ሲያዘንብብኝ ከረመ። «አንተ ልጅ፣ ድንጋይ ለማየት ነው ይህን ሁሉ ገንዘብ የምታወጣው?» ብዬ ቀለድኩበት። እሱ ግን አልተወኝም። ከዚያ እኔም ማንበብ ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ።

ኦርክኒ ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ባሻገር ባሕር ላይ የተበተኑ 70 ገደማ ደሴቶች ናቸው። ሰው የሚኖረው 20 በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ቢደመር 22 ሺህ ገደማ ነው። ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ለጅማ ሰው ይሄ እንኳን ሊታመን ለማሰብም ይከብዳል። ያለው ሣር ነው፣ ከብት ነው፣ በግ ነው፣ ትንሽ ገብስ ነው። ኖርዝ ሮናልድሴ በምትባለው ደሴትማ በጎቹ የሚበሉት የባሕር አረም ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደሴቷን የሚዞር የድንጋይ ካብ ተሠራ፣ ሣሩ ለከብቱ እንዲቀር በጎቹ ወደ ባሕሩ ዳር ተገፉ፣ እነሱም ለመዱት። ይህን ያነሳሁት ከጉዳዬ ጋር ስለሚያያዝ ሳይሆን ገርሞኝ ነው።

ወደ ጉዳዬ ስመጣ፣ ከደሴቶቹ መካከል ፓፓ ዌስትሬይ የምትባል አንዲት ትንሽዬ አለች። ነዋሪዋ መቶ አይሞላም። ከጎረቤቷ ከዌስትሬይ ተነስቶ እሷ ላይ የሚያርፈው አውሮፕላን በዓለም አጭሩን የመደበኛ በረራ መስመር ነው የሚበረው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ነፋስ ሲረዳው ደግሞ አንድ ደቂቃም የማይሞላበት ጊዜ አለ። እኛ ጋ ባጃጁ ሰው እስኪሞላለት የሚቆመው ከዚያ ይበልጣል። በዚህች ደሴት ላይ ሆላንድ የሚባል አሮጌ እርሻ አለ። የመሬት ባላባቶቹ በትውልድ ቅብብል ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ይዘውት ኖረዋል። የርግብ ቤቱ፣ በፈረስ ጉልበት ይዞር የነበረው የመውቂያ ቤት፣ እህል የሚደርቅበት ምድጃ ዛሬም ቆመዋል። የድሮዎቹ የቀን ሠራተኞች ያድሩበት የነበረው ቤት አሮጌ የእርሻ ዕቃ የተሰበሰበበት ትንሽ ሙዚየም ሆኗል። እርሻው ግን ሙዚየም አይደለም። ከብት የሚረባበት፣ እበት የሚሸት፣ የሚሠራ እርሻ ነው።

ከእርሻው ግቢ ወጥታችሁ በግጦሹ መካከል ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ ስትወርዱ ናፕ ኦቭ ሃወር የሚባለውን ታገኛላችሁ። ሁለት የድንጋይ ቤቶች ናቸው። ጎን ለጎን ተጠግተው፣ በመካከላቸው ባለች ጠባብ መተላለፊያ ይገናኛሉ። የተሠሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት 3700 ገደማ ነው። ከጊዛ ፒራሚዶች ከሺህ ዓመት በላይ ይቀድማሉ ማለት ነው። በሰሜን አውሮፓ እስካሁን ቆመው ከሚታዩ የድንጋይ ቤቶች ከአንጋፋዎቹ የሚመደቡ ናቸው። ግድግዳቸው ዛሬም ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይቆማል። በሩ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት ነው። ውስጡ በድንጋይ የተከፋፈለ ክፍል፣ ግድግዳው ውስጥ የተሠራ የድንጋይ መደርደሪያ፣ የእህል መፍጫ ድንጋይ አለ። የነዚያ ሰዎች ኑሮም ከቆሻሻ ጉድጓዳቸው ታውቋል። ከብት፣ በግና አሳማ ያረቡ ነበር፣ ገብስና ስንዴ ይዘሩ ነበር፣ ዓሣ ያጠምዱ ነበር።

አያችሁት ነገሩን? ገበሬዎች ነበሩ። ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ የሆነው የእርሻ ቤት ያለው ዛሬም የሚሠራ እርሻ አጠገብ ነው። ልጁ የላከልኝ ፎቶ ላይ ላሞቹ ሲግጡ ከኋላቸው የጥንቱ ቤት ይታያል። «ዘበኛው የታለ?» ብዬ ጠየቅኩት። «የለም ጋሼ» አለኝ። «የመግቢያ ቲኬትስ?» «እሱም የለም፣ ብቻ የከብቱን በር ከኋላህ ዝጋ ይላል።» ቦታውን የሚጠብቀው የስኮትላንድ የቅርስ መሥሪያ ቤት ነው፣ ዙሪያው ግን የእርሻ ነው። የደሴቷ ሰዎች ደግሞ በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው በኩል ሱቅና የእንግዳ ማረፊያ ከፍተዋል። ድንጋይ ሊያይ የመጣ ሰው እነሱ ጋ ያድራል፣ ዳቦውንም ከነሱ ይገዛል። ከእንግዳ የሚገኘው ገንዘብ እዚያው ይቀራል ማለት ነው።

«እነሱ ሀብታም ናቸው፣ ስለዚህ ይሆንላቸዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ቆይ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነበሩ እንዴ? አልነበሩም። እዚያው ኦርክኒ በትልቁ ደሴት ላይ ስቴነስ የሚባሉ ግዙፍ የቆሙ ድንጋዮች አሉ። አጠገባቸው ደግሞ ቀዳዳ ያለው አንድ ድንጋይ ነበር፣ የኦዲን ድንጋይ ይሉታል። የተፈቃቀሩ ወጣቶች በቀዳዳው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይማማሉ። ቃል ኪዳን ነው፣ በጣም ይከበር ነበር። በ1814 (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) መሬቱን ተከራይቶ የሚያርስ ካፒቴን ማካይ የሚባል ሰው ነበር፣ ከሌላ አገር የመጣ። ሰዉ በየጊዜው እየመጣ ማሳውን ይረግጥበታል፣ እሱ ደግሞ ይበሳጫል። ምን አደረገ? ድንጋዩን ሰባበረው። ከቆሙትም ላይ መጣል ጀመረ። የአካባቢው ሰው ቤቱን ሊያቃጥልበት እስኪደርስ ተቆጣ፣ በመጨረሻም በሕግ አስቆሙት። የኦዲን ድንጋይ ግን አልተመለሰም።

ማካይን ክፉ ሰው ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ራሴን በእሱ ቦታ አስቀምጬ አየሁት። ማሳህ ይረገጣል፣ ከዚያ የምታገኘው አንድ ነገር የለም፣ «ይቅርታ» የሚልህም የለም፣ ድንጋዩም የአንተ አይደለም፣ የአያትህም አይደለም። በዚህ ላይ ተከራይ ነህ፣ ነገ ትነሳለህ። እንዲህ ያለ ሰው ለድንጋይ ምን ብሎ ይሳሳል? አሁን ደግሞ ያኛውን ገበሬ ተመልከቱ።

በ1958 ደቡብ ሮናልድሴ በምትባለው ደሴት ሮኒ ሲሚሰን የሚባል ገበሬ በራሱ መሬት ላይ፣ ከባሕሩ ገደል አጠገብ፣ የተነባበሩ ድንጋዮች አይቶ ቆፈረ። የተወለወለ የድንጋይ መሣሪያ አገኘ። ወደ ውስጥ ሲገባ ጨለማ ነው። ላይተሩን ለኮሰ። ወደ 30 የሚሆኑ የራስ ቅሎች አፍጥጠው ያዩታል! እኔ ብሆን ሩጫዬን አታዩትም ነበር። እሱ ግን አልሸጠም፣ አልበተነም፣ አልደፈነውም። ዓመታት ጠበቀ። በኋላ በ1976 ራሱ ቁፋሮውን ጀመረ፣ ባለሙያዎችም አብረው መረመሩት። አምስት ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የጋራ መቃብር ሆኖ ተገኘ፣ በሺዎች የሚቆጠር የሰው አጥንትና የባሕር ንስር አጥንት ያለበት። «የንስሮቹ መቃብር» የሚባለው ከዚያ ነው። ቤተሰቡ እዚያው ሙዚየም ከፈተ። እንግዳው ዕቃውን በእጁ እየያዘ ያየው ነበር፣ ከዚያ በማሳው መካከል ይሄዳል፣ መግቢያው ጠባብ ስለሆነ ጎማ ባለው ጠፍጣፋ ጋሪ ላይ ተኝቶ ገመድ እየሳበ ይገባ ነበር። ለበርካታ ዓመታት የአንድ የገበሬ ቤተሰብ ሥራ ሆኖ ቆየ።

ሁለቱም ገበሬዎች ናቸው፣ ሁለቱም ኦርክኒ። ልዩነቱ ትምህርት አይመስለኝም። አንደኛው ድንጋዩን እንደ ጠላት አየው፣ ሌላኛው እንደ ንብረቱ። ማነው እንዲህ እንዲያዩ ያደረጋቸው? ይህ ነው የእኔ ጥያቄ።

አንድ ልጨምር። በ2003 እዚያው ትልቁ ደሴት ላይ ማሳ ሲታረስ ማረሻው የተጠረበ ድንጋይ አወጣ። ተነገረ። ባለሙያዎች መጡ። ኔስ ኦቭ ብሮድጋር የሚባለው ከስቶንሄንጅ፣ ከዝነኛው የእንግሊዝ የድንጋይ ክበብ፣ በፊት የተሠራ ትልቅ የሕንፃዎች ስብስብ እንዲህ ተገኘ። ሃያ ዓመት ያህል በየበጋው ተቆፈረ። በየዓመቱ ቁፋሮው ሲያልቅ በፕላስቲክ ይሸፍኑትና ፕላስቲኩን ነፋስ እንዳይወስደው ያረጀ የመኪና ጎማ ይደረድሩበታል። ይሄ ደስ አለኝ። ለቅርስ ጥበቃ ሁልጊዜ ሚሊዮን ብር አያስፈልግም፣ ያረጀ ጎማማ እኛም ሞልቶናል። በ2024 ቁፋሮው ተጠናቆ እንደገና አፈር ለበሰ። ብዙ ሰው ይህን አይረዳም፣ አንዳንድ ጊዜ ምርጡ ጥበቃ መልሶ መቅበር ነው።

እሺ፣ ወደ ጅማ ልመለስ።

እዚህ ቅርስ ሲባል የሁሉም ሰው ጣት የሚጠቁመው ጅሬን ነው። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ኮረብታው ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤት። ይገባዋል፣ ያምራልም። ዕቃዎቻቸውም ከተማ ሙዚየም አሉ። ግን የጅማ ታሪክ አንድ ቤት ብቻ ነው? የጊቤ መንግሥታት፣ ጅማም አንዷ ነበረች፣ ድንበራቸውን በረጅም ቦይና በኬላ ይጠብቁ ነበር። በመንግሥታቱ መካከል «ሞጋ» የሚባል ማንም የማያርሰው ባዶ መሬት ይተው ነበር። ያ ቦይ ዛሬ የት የት እንዳለፈ ማን ያውቃል? ካርታ ላይ አታገኙትም። የሚያውቀው ከብት ሲያግድበት ያደገው ሰው ነው። «እዚች ጋ መሬቱ ይወርዳል፣ አባቴ የጥንት ቦይ ነው ይሉ ነበር» የሚላችሁ ገበሬ ነው። እሱን ካሳ ሰጥታችሁ ካነሳችሁት ያ እውቀት አብሮት ተነሳ በሉ።

ደግሞ ገበሬው ሲነሳ ማን ይተካዋል? ሣር ብቻ የሚበቅልበት ንጹሕ አጥር ግቢ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ወይ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ ሥሩ የማይገባበት የለም። ወይ ድንጋዩ በጋሪ ተጭኖ ለመሠረት ይሄዳል፣ የሚያይ ስለሌለ። የቡና ማሳ ግን ለስላሳ ነው። ቡና በየዓመቱ አይታረስም። ጥላው አለ፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ አፈሩ አይሸረሸርም። ከሥሩ ያለ ነገር ብዙም ሳይነካ ይቀመጣል። ጌዴኦን እዩ። በ2023 ዩኔስኮ የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ውስጥ በብዛት የቆሙት ትክል ድንጋዮች ያሉት በእንሰቱና በቡናው መካከል ነው። የተመዘገበው ድንጋዩ ለብቻው አይደለም። እርሻው ራሱ፣ ዛፉ፣ የገበሬው አያያዝ አብሮ ነው የተመዘገበው። አገራችን እንዲህ ብላ ዓለም ፊት ቀርባ ተቀባይነት አግኝታ፣ እኛ እዚህ ገበሬው ይነሳ እንላለን።

ጣና ዳር ያለው የዘጌ ደን ሌላ ምስክር ነው። እዚያ በገዳማቱ ሥርዓት መሬት በበሬ አይታረስም። ከጥንት የመጣ ክልከላ ነው። ሰዉ የሚኖረው በቡና ነው። ደኑም፣ እነ ዑራ ኪዳነ ምሕረትም እስከ ዛሬ አብረው ቆይተዋል። ማንም ገበሬ አላነሳም፣ የአጠቃቀም ሥርዓት ብቻ ነው ያበጁት። እኛ ጅማዎች የቡና መነሻ ነን እያልን በዘጌ ቡና እንቀልዳለን። በዚህ ግን ቀድመውናል።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልግባ። ማና ላይ አንድ ጎረቤት ሽማግሌ አሉኝ። የቡና ችግኝ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ትልቅ የሸክላ ስብርባሪና የተጠረበ ድንጋይ አገኙ። ጠርተው አሳዩኝ። «ለሚመለከተው እንናገር እንዴ?» አልኳቸው። እንዴት እንዳዩኝ! «መምህር፣ መሬቴን ልታስወስድብኝ ነው?» አሉኝ። ቀደም ሲል ሌላ ጎረቤታችን እንዲሁ አንድ ነገር ተናግሮ ነበር። መጡ፣ ፎቶ አነሱ፣ «እንዳትነካው» ብለው ሄዱ። በዚያው ቀሩ። ሰውየው ማሳውን አላረሰ፣ መልስ አላገኘ፣ በመጨረሻ ተናዶ ድንጋዩን አጥር አደረገው። ሽማግሌው ይህን አይተዋል። ጉድጓዱን መልሰው ደፈኑት፣ ችግኙንም ሌላ ቦታ ተከሉት። ይህን ሳይ የቅርስ ጠላት ብዬ ልፈርድባቸው ነው?

የሚያናድደው ደግሞ ሕጉ መጥፎ አለመሆኑ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይሄኛው በእኛው አቆጣጠር ነው) በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ያሳውቅ፣ ሳይነካ ይጠብቅ ይላል። ግን በዚያ አያበቃም። ያገኘውን ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት ይሰጠዋል፣ ያወጣው ወጪም ይሸፈንለታል ይላል። ከገበሬዎቹ ይህን የሰማ አንድ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። የግዴታውን ግማሽ ሁሉም ሰምቶታል፣ የሽልማቱን ግማሽ ግን ማንም አልነገራቸውም። ታዲያ የኛ ገበሬ ሲሚሰንን ይሁን ወይስ ማካይን?

ገበሬ ቅርስ አያጠፋም አልልም፣ እንዳታጣምሙብኝ። ያጠፋል። ድንጋይ ለአጥር ያመቻል፣ ለመሠረት ያመቻል፣ ሙሉ ማሰሮ ደግሞ ለዕቃ ነጋዴ ይሸጣል። ከአዲስ አበባ መኪና ይዘው እየመጡ አሮጌ የጅማ በርጩማ የሚለቅሙትን እናውቃቸዋለን። ኦርክኒም ቢሆን ቫይኪንጎች፣ በመርከብ የመጡት የጥንት የሰሜን ሰዎች፣ ሜስሃው የሚባለውን የጥንት መቃብር ሰብረው ገብተው ግድግዳው ላይ ስማቸውንና ስለ ቆንጆ ሴት የሚያወራ ጽሑፍ ሞነጫጭረው ሄደዋል። የሰው ልጅ ያው ነው። ጥያቄው መሬቱ ላይ በየቀኑ ያለው ሰው ለማን ወግኖ ይቁም ነው። ዘበኛ ቢቀጠር በወር ደመወዝ ይጠይቃል፣ ማታም ይተኛል። ገበሬው እዚያው ነው፣ ውሻውም እዚያው ነው።

ስለዚህ ለወንድሜ ለጸሐፊው ያለኝ ምላሽ ይህ ነው። ለማስነሻ ካሳ ይከፈል ካሉት ገንዘብ ሩቡ እንኳ በመሬቱ ላይ ለሚቆየው ገበሬ ይሰጥ። ድንጋዩ ያለባትን ቁራሽ አይረስ፣ በምትኩ የሚከፈለው በጽሑፍ ይታወቅ፣ ሊያይ የሚመጣው ሰው መንገዱ በእሱ በኩል ይሁን፣ ሚስቱ ቡና አፍልታ ትሽጥ፣ ልጁ አስጎብኚ ይሁን። ከመሬቱ እንደማይነሳም የሚያምነው ሰው በአካል መጥቶ ይንገረው። ይህን ካደረግን በኋላ የሚያጠፋ ከተገኘ ያኔ በሕግ እንጠይቅ፣ እኔም እመሰክራለሁ።

ከእናንተ ከጋዜጣው የምፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ነው። ዘጋቢዎቻችሁ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ሁለት ነገር ይጠይቁልን። አዋጁ ከወጣ ጀምሮ በአጋጣሚ ቅርስ አግኝተው በማስረከባቸው የተሸለሙ ገበሬዎች ስንት ናቸው? ዛሬ አንድ የማና ገበሬ ጉድጓድ ሲቆፍር አንድ ነገር ቢያገኝ የሚደውልበት ስልክ ቁጥር የቱ ነው? መልሱን ስታገኙ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ በትልቁ አትሙት። እኔ ቆርጬ ለጎረቤቴ ለሽማግሌው አነብላቸዋለሁ፤ ጉድጓዱ የት እንደሆነ እሳቸው ያውቁታል።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከጅማ